ለእናቷ ቤት የመረጠችው ሌንስ

ሁሴን ሲደውል ቦሬ ላይ ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሁሴን ከሞያሌ ወደ ነጌሌ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ነው፤ እኔ ነጌሌ በነበርኩበት ጊዜ የፎቶ ቤታችን ወረቀትና ቀለም የሚመጣው በእሱ እጅ ነበር። ብዙ ወሬ አይወድም፤ ደውሎ ጉዳዩን ተናግሮ ይዘጋል። የዚያን ቀን ግን «አካም ጅርታ ሰናይት? ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ቤቱ ናጋ?» እያለ ሰላምታውን አስረዘመው። ጨርሷል ስል እንደገና «ናጋ?» ሲለኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ሁሴን፣ ማን ነው?»

«ነጌሌ መምጣት ትችያለሽ?»

«ማን ነው እኮ የምልህ!»

«ዳርሚ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማሁትም። ድንገት ታማ ሐዋሳ ወስደዋት ነበር፤ እዚያው አርፋ አስከሬኗ ትናንት ገብቷል። ለእናቷ ተነግሯቸዋል። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ቃል ብቻ ነበር። እናቷ በሕይወት አሉ። ዳርሚ እኮ እናቷን ሞት እንዳይቀድማት ብላ ስትሮጥ የኖረች ሰው ናት።

አባቴ ከጎጃም በመምህርነት መጥቶ ነጌሌ ቤት ሠርቶ የቀረ ሰው ነው። እኔም እዚያው ተወልጄ ኦሮምኛውን ከሠፈር ልጆች ጋር ስጫወት ነው የለመድኩት። ዳርሚ የሊበን ገጠር ልጅ ናት፤ በልጅነቷ ለትምህርት ከተማ ዘመድ ቤት ገብታ እዚያው ቀረች። ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች። የፎቶ ቤት ስትከፍት ኮምፒውተር የሚሠራላት ሰው ፈለገች፤ እኔም ሥራ ፈትቼ ነበር። «ፊት የምታነጪ ከሆነ አልፈልግሽም» ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ያለችኝ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ፎቶ ቤት ጥቁሩን ጠይም፣ ጠይሙን ቀይ አድርጎ ነበር የሚያትመው። የእኛ ደንበኞች መጀመሪያ ይቆጡ ነበር። በኋላ ግን ልጆቻቸው የእናታቸውን ፊት እዚያው ፎቶ ላይ ሲያገኙት ዝም አሉ።

ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ እናነሳለን፤ እውነተኛው እንጀራችን ግን ሠርግ ነበር። ነጌሌ ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም ይጠራናል፤ ምክንያቱም ሁለታችንም ሴቶች ነን። ወንዶቹ ፎቶ አንሺዎች ደጅ ላይ ድንኳኑንና መኪናውን ሲያነሱ እኛ ሙሽራዋ ያለችበት ክፍል እንገባለን። ክፍሉ ሁልጊዜ ጠባብ ነው። መስኮቱ በመጋረጃ ተዘግቷል፣ ፍራሽ ተነጥፏል፣ የሙሽራዋ እናት፣ አክስቶቿ፣ ጎረቤቶቿ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀምጠዋል። መብራት አለ ከተባለ አንድ አምፖል ነው፤ እሱም ይጠፋል።

ዳርሚ እንደገባች ካሜራዋን አታወጣም። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ትቆማለች፤ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምደው ድረስ ትጠብቃለች። ከዚያ «አካም ጅርቱ! እኔ የብርሃን ለማኝ ነኝ» ትላቸዋለች። «እባካችሁ ከመጋረጃው ይቺን ታክል ስጡኝ።» ይስቃሉ፤ አንዷ ተነስታ መጋረጃውን ትገልጥላታለች። ፍላሽ አትወድም ነበር። «በር ሰብሮ እንደሚገባ ሰው ነው። ሁሉም ይደነግጣል፤ እኔ የማነሳው ድንጋጤውን ነው» ትላለች።

አሮጌውን ካሜራ ስትተው ውስጡ መስታወት የሌለውን፣ ሚረርለስ የሚሉትን ቀላል ካሜራ ያመጣላት ሁሴን ነበር። ሲያነሳ ድምፅ ስለሌለው በጣም ደስ አላት። አብሮት የመጣው ዙም ሌንስ ግን ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ክፍል ውስጥ ሲገባ ይታወራል። ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳው ጠባብ ነው። ካሜራውን ስታስገድደው ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቀስ ብሎ እንዲያነሳ ስትተወው ደግሞ የሚያጨበጭበው እጅ ሁሉ ይሟሟል። የሚያስፈልጋት ዙም የማያደርግ፣ ሰፊ የሚያይና አፉ በደንብ የሚከፈት ሌንስ ነበር። እንዲህ ያለው ብዙ ብርሃን ስለሚያስገባ ጨለማ ቤት ውስጥም ቶሎ ማንሳት ይችላል፤ ለዚህ ነው ፈጣን የሚሉት።

ይህን ሌንስ ለመምረጥ የፈጀባት ጊዜ ለጉድ ነው። ስልኳ ላይ ሌንስ የሚፈትሹ ሰዎችን ቪዲዮ እያወረደች ታያለች። ሰዎቹ የጡብ ግድግዳ ያነሱና ፎቶውን አሳድገው ጠርዙ ላይ ያለው ጡብ ደብዝዟል ብለው ያዝናሉ። ዳርሚ በሳቅ ትፈርሳለች። «ሰናይት ነይ እይው፣ ሰውዬው ለጡብ አለቀሰ! እኔን ጡብ ሲያገባ ይጥራኝ!» የምትፈልገውን ግን አትስትም። ስሩ ላይ አቧራ የሚከለክል ጎማ አለው ወይ? ሲከብድ አንገት ይሰብራል ወይ? ጨለማ ውስጥ የሰው ዓይን ፈልጎ ያገኛል ወይ?

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዱ አሥራ ስድስት ሚሊሜትር፣ ሌላው ሃያ ሦስት። አሥራ ስድስቱ በጣም ሰፊ ያያል፣ ከባድም ነው። ሃያ ሦስቱ ጠበብ ይላል፣ ፊት ግን አያበላሽም። ገንዘቧ ለአንድ ብቻ ነበር የሚበቃው። ታዲያ ምን አደረገች? የድሮውን ዙም ሌንስ ቁጥሩ ላይ አቁማ በፕላስተር ጠቀለለችው። አንድ ሰሞን ሃያ ሦስት ላይ አስራ ሠርግ አነሳች፤ ሌላ ሰሞን አሥራ ስድስት ላይ። «ጫማ ሳይለካ ይገዛል?» አለችኝ።

አሥራ ስድስቱ ላይ በታሰረበት ሰሞን አንዲት የሙሽራ አክስት ፎቶ ቤታችን መጡ። አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጣታቸው መቱት።

«ይሄ የኔ ጭንቅላት ነው?»

አየሁት። ሰፊ የሚያይ ሌንስ ጠርዙ ላይ ያለውን ነገር ይለጥጣል፤ እሳቸው የተቀመጡት ጫፍ ላይ ነበር። ጭንቅላታቸው እንደ ሐብሐብ ተንጋዷል። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። ዳርሚ ተነስታ እጃቸውን ያዘች።

«አዴ፣ ጭንቅላቱ የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ጥፋት ነው። ይቀመጡና እንደገና ላንሳዎት።»

መሃል ላይ አስቀምጣ አነሳቻቸው፤ ቆንጆ ሆነው ስለወጡ ትልቁን አሳትመው ወሰዱ። ከወጡ በኋላ እኔ «እንግዲህ ጨረስን፤ ሃያ ሦስቱን ነው የምንገዛው» አልኳት። «የእናቴ ቤትስ?» አለችኝ። ነገሩ ሠርግ ብቻ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው።

እናቷ ሎኮ ይባላሉ፤ እኛ አዮ ሎኮ ነበር የምንላቸው፣ አዮ በእነሱ አነጋገር እናት ማለት ነው። ሊበን ገጠር ውስጥ ከከብቶቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። አንድ ጊዜ ከዳርሚ ጋር ሄጄ ቤታቸውን አይቼዋለሁ። ከእንጨትና ከሣር የተሠራ ክብ ቤት ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮት የሌለው። ጎንበስ ብዬ ስገባ መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ቆይቶ አልጋው ወጣ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የወተት ዕቃዎች፣ ከዚያ የጥጆቹ ቦታ፣ በመጨረሻ የአዮ ሎኮ ፊት። ዳርሚ ጆሮዬ ላይ «አየሽ? እንዲህ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ነው የምፈልገው» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ሞክራ ነበር። ካሜራውን ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አቁማ ቀስ ብሎ እንዲያነሳ አደረገችው። አዮ ሎኮ ግን ቁጭ ማለት አያውቁም፤ እሳቱን ይቆሰቁሳሉ፣ ዕቃ ያነሳሉ፣ ለእኛ ወተት ይቀዳሉ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ ስትላቸው ደግሞ መታወቂያ እንደሚያወጣ ሰው አንገታቸውን ያደርቃሉ።

«ውጪ ልውጣልሽ፤ ፀሐይ አለ» አሏት።

«አይ አዮ፣ እዚሁ ሥራሽን ሥሪ።»

የመጣው ፎቶ ላይ ቤቱ ጥርት ብሏል። የወተት ዕቃዎቹ አንድ ባንድ ይቆጠራሉ። በእሳቱ አጠገብ ግን አንድ ግራጫ ነገር ብቻ አለ። አዮ ሎኮ ካሜራውን አጎንብሰው አዩና «እኔ የታለሁ?» ብለው ሳቁ። ዳርሚም ሳቀች፤ «ይቺ እናት አይደለችም፣ ጢስ ናት» ብላ እዚያው ሰረዘችው።

ለዚያ ቤት ሃያ ሦስቱ ይጠባል። ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ብትለጥፍ እንኳን ወይ አልጋው ይቀራል ወይ እናቷ። አሥራ ስድስቱ ብቻ ነው ሁሉንም የሚይዘው።

«እንጀራችን ሠርግ ነው፣ ዳርሚ» አልኳት።

«ሠርግ ሁልጊዜ አለ።»

«እሺ፣ ለእናትሽ ንገሪያቸው። ቤትሽን ከነአንቺ ማንሳት እፈልጋለሁ በያቸው። ትንሽ ይታገሱሻል።»

«‹ልሞት ነው እንዴ?› ብትለኝስ?» አለች። «ለእናት እንዲህ ተብሎ ይነገራል? ሌንሱ ይምጣ ብቻ። ሳታውቀው አነሳታለሁ።»

አንድ ሳምንት ሃያ ሦስት ትላለች፣ በሚቀጥለው አሥራ ስድስት። ሠርግ ላይ ሆና ሃያ ሦስቱን ትመርጣለች፤ ሊበን ደርሳ ስትመለስ ሐሳቧን ትለውጣለች። በዚህ መሃል ዝናቡ ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። የነጌሌ ገበያ አጥንታቸው በወጣ ከብቶች ሞላ፤ ገዢ የላቸውም። ዳርሚ አንድ ጠዋት መጥታ ሳትቀመጥ ለሁሴን ደወለችና «አሥራ ስድስቱን» አለችው።

ሁሴን ሞያሌ ላለ ሰው አዘዘ፤ ያ ሰው ከድንበር ማዶ አዘዘ። ሌንሱ ሞያሌ ደረሰ ተባለና መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ሁሴን ሌላ ጭነት ላይ ነበር። ዳርሚ በየቀኑ ትደውልለታለች። «በሌላ ሰው ብልከውስ?» ይላታል እሱ። «አይሆንም፣ ይጥሉታል፤ ራስህ ይዘኸው ና» ትለዋለች።

ከሌንሱ በፊት የመጡት አዮ ሎኮ ናቸው። የወንድሟ ልጅ በጭነት መኪና አምጥቶ ፎቶ ቤታችን በር ላይ አወረዳቸው። ከብቶቹ አልቀዋል፤ ጎረቤቱም ሁሉ ተነስቶ ሄዷል። አንድ ጥቅልና ሁለት የወተት ዕቃ ነበር የያዙት። ዳርሚ አቅፋ ሳመቻቸው፤ ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ቤቱስ?» የሚል ነበር።

«የምን ቤት?» አሏት እናቷ።

ሁሴን ሌንሱን ያመጣው ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። ካርቶኑን ከፍታ አየችው፣ ካሜራው ላይ ገጠመችው፣ አንድም ነገር ሳታነሳ «እንሂድ» አለችኝ። በሞተር ሳይክል ሄድን። ሜዳው ሁሉ ደርቆ ነጭ ሆኗል። ቦታውን ያወቅነው በዛፉ ነው። ምሰሶዎቹን ለቀው የሄዱት ሰዎች ወስደዋቸዋል፤ ሣሩን ነፋስ በትኖታል። የቀሩት ጠቁረው የተቀመጡ የምድጃው ድንጋዮች ብቻ ነበሩ።

ዳርሚ በሩ የነበረበት ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ገባች። ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ጎንበስ አለች። ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ግድግዳው የነበረበት ጋ ቆማ ካሜራውን ዓይኗ ላይ አደረገች። ለረዥም ጊዜ እንደዚያ ቆየች።

«ሁሉንም ይይዘው ነበር» አለች፣ ካሜራውን ሳታወርድ። «አልጋውንም፣ ጥጆቹንም። ሁሉንም።»

አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

«ያቺን ጢሷን ለምን ሰረዝኳት፣ ሰናይት?»

ከዚያ ወዲህ ዳርሚ ሌላ ሰው ሆነች። ያ ሁሉ መለካት፣ ያ ሁሉ ማመዛዘን ጠፋ። ሰው መጥቶ «አባታችን ትንሽ አሟቸው ነበር፣ ሲሻላቸው ፎቶ…» ማለት ሲጀምር ካሜራዋን አንስታለች። ምሳዋን ጥላ ትወጣለች። አንድ ጊዜ በነጠላ ጫማ ወጥታ አንዱ እግር መንገድ ላይ ቀርቶባት ተመለሰች። «ሲሻላቸውም እንደገና አነሳቸዋለሁ፤ አሁን ይነሱ» ትላለች። መብራት ይጥፋ፣ ክፍሉ ይጥበብ፣ ግድ የላትም። ከድርቁ ሸሽተው መንገድ ዳር በሸራ የተጠለሉ ሰዎች ጋ እየሄደች ሸራው ውስጥ ቁጭ ብላ ታነሳቸዋለች፤ አሳትማም ትሰጣቸዋለች።

የመረጠችው ሌንስ ለሠርግ አይመችም ነበር፤ ያልኩት አልቀረም። ግን ገራችው። በሰፊ ሌንስ ሰው ጎልቶ እንዲታይ ከፈለግሽ መቅረብ አለብሽ፤ እሷም ጉልበቷ ከሙሽራዋ ጉልበት እስኪነካ ቀረበች። ጫፍ ላይ ፊት አታስቀምጥም፤ ትራስ ወይም መጋረጃ ታደርግበታለች። የዚያን ጊዜ ፎቶዎቿን ሳይ እዚያው ፍራሽ ላይ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። አንድ ቀን ይህንኑ ስነግራት «እሱማ ጥሩ ሌንስ ነው» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

አዮ ሎኮን ከፎቶ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራየችላቸው። ግድግዳው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ እናቷ ጋ ትገባና በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠይቃቸዋለች፤ «አዮ፣ አልጋሽ በየት በኩል ነበር?» እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን ግድግዳ ያሳያሉ። «እዚያ ነዋ።» «የወተት ዕቃዎቹስ?» «ከበላዩ፤ ረሳሽው እንዴ?» ዳርሚ ታነሳለች። የእናቷን እጅ፣ ሰማያዊውን ግድግዳ፣ ከበሩ የምትገባውን ብርሃን። እኔ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታቸው እንባዬ ይመጣል። «ይሄን የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ እንስቀለው» ስላት ራሷን ትነቀንቃለች።

«ግድግዳ ነው እኮ፣ ሰናይት። ሰማያዊ ግድግዳ።»

እኔ አግብቼ ቦሬ ገባሁ። በስልክ እንገናኝ ነበር፤ እንዴት ነሽ ስላት ስለ እናቷ ነበር የምትነግረኝ። ሳል ይዟቸዋል፣ እግራቸውን አሟቸዋል፣ ዛሬ ደህና ዋሉ። ስለ ራሷ ጤና አንድ ቀን እንኳን አንስታ አታውቅም።

ነጌሌ ስደርስ ለቅሶው ግቢው ውስጥ ነበር። አዮ ሎኮ ከሴቶቹ መሃል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም፣ ጀርባዬን ይዳብሱኝ ነበር። ሰዉ ቀለል ሲል ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንቺ አብረሻት ነበርሽ። ምን ነበር የምትፈልገው?»

«ምኑን አዮ?»

«ያንን ቤት። አልጋሽ የት ነበር፣ በሩ ወዴት ነበር እያለች ታደክመኝ ነበር። ጤና የነሳት ነገር መስሎኝ ፈርቼ አልጠየቅኋትም።»

ነገርኳቸው። ስለ ሌንሱ፣ ሁለቱን እያማረጠች ስንት ጊዜ እንደቆየች፣ ስለ መንገዱ መዘጋት፣ ቤታቸውን ከነእሳቸው ጨለማው ውስጥ ማንሳት እንደፈለገች፣ እንዳያስደነግጣቸው ብላ እንዳልነገረቻቸው። ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ስበው ሰሙኝ።

«ለእሱ ነው?»

«አዎ አዮ።»

«ቤት እኮ የሴት ሥራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ የሠራሁት። ከእሱ በፊት የነበረውንም እኔ ነኝ የሠራሁት። እሷ የተወለደችበት እኮ ያ አልነበረም፤ እሱ ካረጀ በኋላ ስንቱን አፍርሼ ሠራሁ። እንጨቱ አይጠፋም። ሣሩም ዝናብ ሲመለስ ይበቅላል።» ግቢውን በዓይናቸው ዞሩት፤ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ ባዶ መሬት ነው። «ብትነግረኝ እዚህ እሠራላት ነበር። እንደዚያው አድርጌ። በሩንም በዚያው በኩል።»

ሁለቱን እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቷቸው።

«ያኔ እጄ ገና ደህና ነበር» አሉ።